ዛንዚባር ላይ ቪላ ለመከራየት፦ መቼ ይሻላል? የትኛው ዳርቻ?

ዛንዚባር ላይ ቪላ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፎቶ ነው። ነጭ አሸዋ፣ ጥርት ያለ ውኃ፣ ዘንባባ። ፎቶው እውነት ነው፤ ግን የተነሳው ባሕሩ ሞልቶ እያለ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ ከሆነ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ተመልሳችሁ ብታዩት፣ ውኃው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሸሽቶ በቦታው እርጥብ አሸዋ፣ ድንጋይና የባሕር አረም የሚሰበስቡ ሴቶች ታገኛላችሁ። እኔ እንደሚመስለኝ ቤቱን ከመምረጥ በፊት ባሕሩን ማወቅ ይቀድማል።

ዛንዚባር ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ትልቋ ደሴት ኡንጉጃ ናት። ፔምባ በስተ ሰሜን አለች፤ አረንጓዴና ጸጥ ያለች የቅርንፉድ አገር ናት፣ የሚከራይ ቤት ግን ብዙም የላትም። የኡንጉጃ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው በምዕራብ በኩል፣ ስቶን ታውን ከሚባለው ጥንታዊ የከተማ ክፍል አጠገብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከአዲስ አበባ እዚያው ድረስ ይበራል።

አሁን ወደ ወቅቱ እንምጣ፤ የእኛ አቆጣጠር እዚህ ላይ በጣም ይመቻል። ትልቁ ዝናብ፣ እነሱ ማሲካ የሚሉት፣ በግምት መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ነው። ስለዚህ ለፋሲካ ዛንዚባር ልሂድ የሚል ሰው ሁልጊዜ ማሲካ ላይ ይወድቃል! ዋጋው ይረክሳል፣ ግን አንዳንድ ማረፊያ ጭራሽ ይዘጋል፣ የገጠር መንገዱም ይጨቀያል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ደረቅና ለስለስ ያለ ነው፤ ኩሲ የሚባለው ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣ ነፋስ ይነፍሳል። አዲስ አበባ በክረምት ስትርስና ልጆች ከትምህርት ቤት ሲያርፉ እዚያ ፀሐይ ነው። ችግሩ አውሮፓውያንም የሚያርፉት ያን ጊዜ መሆኑ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ቤት ይወደዳል። ለእኔ ምርጡ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ነው። ሰዉ ይቀንሳል፣ ዝናቡም ገና አልመጣም። ኅዳር ላይ ቩሊ የሚሉት አጭር ዝናብ ይመጣል፤ መጥቶ ይሄዳል እንጂ ቀኑን ሙሉ አይዘንብም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሞቃት ነው፣ ነፋሱም ዞሮ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ስሙ ካስካዚ ነው። የፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት ሰሞን የዓመቱ ውድ ጊዜ ነው፣ ለጥምቀት የሚሄድ ግን ያን ግፊያ ያመልጣል።

ቦታውን የሚወስኑት እነዚህ ነፋሶችና የባሕሩ መሙላትና መጉደል ናቸው። ሰሜን ጫፍ ላይ ኑንግዊ፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ዞር ብሎ ደግሞ ኬንድዋ አለ። እዚህ ባሕሩ ብዙ ስለማይሸሽ ቀኑን ሙሉ መዋኘት ይቻላል፣ ፀሐይም ስትጠልቅ ውኃው ላይ ነው። ልጆች ይዤ እሄዳለሁ፣ ውኃ ውስጥ መዋል ነው የምፈልገው ለሚል ሰው ኬንድዋን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ግን ሙዚቃና ሰው ይበዛበታል፤ ከአየር ማረፊያውም 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ምሥራቁ ሌላ ዓለም ነው። ማቴምዌ፣ ኪዌንግዋ፣ ፓጄ፣ ጃምቢያኒ። ከፊታቸው የኮራል አጥር ስላለ ውስጡ ያለው ባሕር ጥልቀት የለውም፣ በቀን ሁለት ጊዜም ይጎድላል። የሚጎድልበት ሰዓት በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ እስከ አራት ሜትር ይደርሳል፣ ያን ሰሞን ውኃው የሚሸሸው ረፋዱ ላይ ነው። ማለትም ሰው ቁርሱን በልቶ ልዋኝ ሲል። ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የጨረቃዋን ነገር እዩ። ፓጄ በነፋስ ለሚንሸራተቱ የካይት ሰርፍ ሰዎች ገነት ነው፤ ዝም ብሎ መተኛት ለሚፈልግ ግን በኩሲ ወራት ነፋሱ ያሰለቻል። ጃምቢያኒ የመንደር ኑሮ አለው፣ ረጋ ያለ ነው፤ ኪራዩም ብዙ ጊዜ ከሰሜኑ ይቀላል። ማቴምዌ ምኔምባ ደሴት ፊት ለፊት ስለሆነ ዓሣና ኮራል ለማየት ጠልቀው ለሚዋኙ ቅርብ ነው።

ስቶን ታውን እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለአንድ ሁለት ሌሊት በጣም ደስ ይላል፤ ለመዋኛ ግን አይሆንም።

ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። ዋጋው ለቤቱ ነው ወይስ በሰው? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ? የአየር ማቀዝቀዣው የሚበላው መብራት በኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው ይከፈላል? የቧንቧው ውኃ ጨዋማ ነው? በባሕር ዳርቻ የጉድጓድ ውኃ ጨው አይጠፋውም፣ ለመታጠብ ያስቸግራል። ምግብ አብሳይ አለ ከተባለ አስቤዛውን ማን እንደሚገዛ እወቁ። አጎበር መኖሩንም አትርሱ፤ ወባ አለ። ለማያውቁት ሰው ሙሉ ክፍያ ቀድሞ በሐዋላ መላክ አይመከርም።

የረመዳንን ቀንም እዩ፤ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ቀደም ይላል። ነዋሪው ከሞላ ጎደል ሙስሊም ስለሆነ በጾሙ ወር ቀን ቀን ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል፤ ወጥ ቤት ያለው ቪላ ያኔ ነው የሚጠቅመው። ከባሕሩ ዳር ወጥቶ መንደር ውስጥ ሲገባ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ደግሞ በየትኛውም ወር ግድ ነው።

ከኦክቶበር 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደሴቲቱ የሚገባ የውጭ ዜጋ የ44 ዶላር ኢንሹራንስ ይገዛል። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል፣ ፌስታል ይዞ መግባትም ክልክል ነው።

ሌላው ሰዓት ነው። ስዋሂሊም እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጥረው። የቤቱ ጠባቂ በስዋሂሊ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ ካላችሁ የእኛው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ በእንግሊዝኛ ከነገራችሁ ግን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ደግማችሁ ጠይቁት።