የጥንዚዛ እጭ ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ ጎመን ከጠወለገ ፍርዱ አንድ ነው፦ «ውርጭ መታው።» እኔም አምኜ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ጓሮዬ ውስጥ ሁለት እግር ጎመን አንገቱን ደፋ፣ በማግስቱ ሌላ አንድ፣ ከዚያ ደግሞ ከመደቡ ማዶ ጫፍ አንድ። ጎረቤቴ እትዬ በአጥር ላይ አይተው «ውርጭ ነው ልጄ፣ ማታ ማታ ገለባ አልብሰው» አሉኝ። አለበስኩት። መጠውለጉ ቀጠለ። አንድ ቀን ተናድጄ አንዱን ስስበው ያለምንም ትግል ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ሥር የሚባል ነገር የለውም፣ ተላጭቷል። ቦታውን በጣቴ ስጭር አንድ ወፍራም ነጭ ነገር ተጠቅልሎ ተኝቷል።

የጥንዚዛ እጭ ማለት ይሄ ነው። ጥንዚዛዋ እንቁላሏን አፈር ውስጥ ትጥላለች፣ ከእንቁላሉ እጭ ይፈለፈላል፣ እጩም ሲበላ ከርሞ እዚያው አፈር ውስጥ ቅርጹን ይለውጥና ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። ዝናብ ሲጀምር ማታ ማታ አምፖል እየገጨ በጀርባው የሚወድቀው፣ እግሩን የሚያንፈራግጠው ቡናማ ጥንዚዛ የዚሁ ዘር ነው። እኛ እሱን በጫማ ረግጠን ጨረስነው እንላለን። ዋናው በላተኛ ግን መሬት ውስጥ ነው፤ እንደ ዝርያው ዓመትም ከዚያ በላይም ሥር እየቆረጠ ይቆያል፣ ብርድ ባለበት ደግሞ እድገቱ ስለሚዘገይ ቆይታው ይረዝማል። ለኛ ለደጋ ሰዎች ደስ የሚል ወሬ አይደለም።

በምን ይለያል? ገላው እንደ ወተት ነጭ ነው፣ ጭንቅላቱ ቡናማ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ስድስት እግሮች አሉት። ሲተኛ እንደ ግማሽ ጨረቃ ይታጠፋል። ጅራቱ አካባቢ ጠቆር ይላል፣ የበላው ነገር በስስ ቆዳው ስለሚታይ ነው። ያገኛችሁት ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ትል ሆኖ ችግኙን ከአፈሩ ወለል ላይ የሚቆርጥ ከሆነ ግን እሱ ቆራጭ ትል ነው፣ የእሳት እራት ልጅ፣ ሌላ ጉዳይ። ውርጭም ራሱን ያሳያል፦ በአንድ ሌሊት መደቡን በሙሉ ይመታል፣ ቅጠሉን ከላይ እንደ እሳት ይለበልበዋል። እጭ ግን እዚህ አንድ እዚያ አንድ እያለ ነው የሚሄደው።

አሁን ደግሞ ጥንዚዛ ሁሉ ይፈጅ አላልኩም። በዓለም ላይ ወደ 400,000 የሚጠጉ የታወቁ የጥንዚዛ ዝርያዎች አሉ፣ ጎመናችንን የሚፈልጉት ጥቂቶቹ ናቸው። ያቺ ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሿ ጥንዚዛ ቅጠል ላይ የሚርመሰመሰውን ክሽክሽ ትበላላችኋለች፣ አትንኳት። አሮጌ ፍግ ክምር ውስጥ የሚገኘው እጭም አብዛኛውን ጊዜ የበሰበሰውን ነው የሚበላው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቁን ጥንዚዛ በጠዋት ያዙት። ጠዋት በኛ ብርድ እሱም እንደኛ ደንዝዞ ነው የሚያድረው፣ አይበርም። ካደረበት ተክል፣ ለምሳሌ ከጽጌረዳ፣ ሥር ባልዲ ይዛችሁ ቅርንጫፉን ስታራግፉት ዱብ ዱብ ይላል። ባልዲው ውስጥ ውኃ ላይ አንድ ማንኪያ ኦሞ ጨምሩበት። ውኃው ብቻውን ከሆነ ጥንዚዛው ይንሳፈፍና ግድግዳውን ይዞ ይወጣል፣ ሳሙና ሲገባበት ግን የውኃው ገጽ አይሸከመውም፣ ይሰምጣል። በነጋታው ከአትክልቱ ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩት። በሕይወቱ አጥር ማዶ የሚወረውር ሰው አውቃለሁ፤ ክንፍ እንዳለው የረሳ ይመስለኛል።

እጩን ግን ያለ ዶማ አታገኙትም። ሰብሉ እንደተነሣ፣ አፈሩ ገና እርጥበት ሳለ አንድ ስንዝር ያህል ገልብጡት። ካዘገያችሁት፣ መሬቱ ሲደርቅና ሲበርድ ወደ ታች ይወርዳል፣ ታኅሣሥ ላይ ብትቆፍሩ ባዶ ሊመስላችሁ ይችላል። ያልበሰለ ፍግም መደቡ ላይ አትበትኑ፣ ብዙ ጥንዚዛ እንቁላል ለመጣል እንዲህ ያለ አፈር ይወዳል።

መድኃኒትስ? እኔ አንድ ጊዜ በሃይላንድ ተገልብጦ የሚሸጥ ገዝቼ አውቃለሁ። ስሙ የለ፣ መጠኑ የለ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይበላ እንደሚቆይ የሚናገር የለ። ነገ ለምትቀነጥሱት ጎመን ይሄ አይሆንም። ያበበ ነገር ላይ ከተረጨ ደግሞ ንቡንም ይፈጃል። በመድኃኒት የሞተ እጭ ለዶሮ አይሰጥም፣ ይሄንን አደራ።

በዶማ ያወጣሁትን ግን ለዶሮዎች ነው የሰጠሁት። ከአንድ መደብ 37 ቆጠርኩ፣ ከዚያ በላይ መቁጠር አልተቻለም፣ ከእጄ ላይ እየነጠቁኝ። እትዬ አሁንም ውርጭ ነው ይላሉ። ዶማ ሲሰሙ ግን የአጥሩን በር ከፍተው ዶሮዎቻቸውን ይለቁብኛል።