ስለ ጤና አዳም የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጤና አዳምን ስሙ ራሱ ጠበቃ ሆኖ ይከራከርለታል። «ጤና» ተብሎ የተጠራ ቅጠል ሰው ይጎዳል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ከጓሮ ተቀንጥሶ ቡና ላይ ጣል ይደረጋል። ፍሬው በርበሬ ሲደለዝ ይገባል። ሆድ ሲቆርጥ ደግሞ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተወቅጦ ይጠጣል። እኔም ቡናዬን ያለ እሱ አልወድም፤ የሚወራለትን ሁሉ ግን አላምንም።

«ቡና ላይ ምንም ካላደረገን፣ ጨምቀን ብንጠጣውም አያደርገንም»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሲኒ ውስጥ የሚነከረው አንድ ቀንበጥ ለሽታና ለጣዕም ያህል ነው። አንድ እፍኝ ቅጠል ተወቅጦ በብርጭቆ ሲጠጣ ነገሩ ይለያል። የቅጠሉ ዘይት በብዛት ሲገባ ጨጓራን ያስቆጣል፣ ያስመልሳል። ሲብስም ጉበትንና ኩላሊትን ይጎዳል። ቁርጠት ለማስታገስ የጠጣ ሰው ሌላ ቁርጠት ገዛ ማለት ነው።

«ለነፍሰ ጡር ማቅለሽለሽ ጥሩ ነው»

በፍጹም! ማህፀንን ያኮማትራል። ላቲን አሜሪካ ውስጥ «ሩዳ» የሚሉትን የቅርብ ዘመዱን ሴቶች ጽንስ ለማስወረድ ይጠጡታል፤ በዚሁ ሰበብ የሞቱም አሉ። ቡና ላይ ያለውን ቀንበጥም ቢሆን እስክትወልድ ብትተወው ምን ይቀርባታል?

«ሕፃን ሆዱን ሲያመው ጠብ ማድረግ ነው»

አያቶች ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ግን 6 ወር ላልሞላው ልጅ ከእናት ጡት ሌላ ውሃ እንኳ አይሰጥም።

«ቆዳ ላይ ቢቀባ ችግር የለውም»

አለው እንጂ። ቅጠሉ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ጥቁር ምልክቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ቃጠሎው የሚወጣው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ቅጠሉን የሚጠረጥር የለም። ከቡዳ ይጠብቃል ተብሎ የተያዘ ቅጠል አቃጥሏቸው «ቡዳ ነው» የሚሉም አይጠፉም።

«ጨጓራን ያድናል»

ብዙውን ጊዜ ጨጓራን የሚያቆስለው ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ይህን የደረሱበት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸልመዋል። ሕክምናው አሲድ የሚቀንስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን ይወሰዳል። ጤና አዳም የእሱን ቦታ አይተካም። በዚያ ላይ ጨጓራውን እያመመው ጤና አዳም ስላለበት ብቻ ሦስት ሲኒ ቡና የሚጠጣ ሰው አለ። ቡናው ራሱስ?

ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስታወከ ወይም ያለ ምክንያት ከከሱ ቅጠል መቀንጠሱን ትቶ ቶሎ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። የጠጡትንም መናገር ያስፈልጋል። አብዛኞቻችን ቅጠልን እንደ መድኃኒት ስለማንቆጥር «ምን ወስደሃል?» ስንባል «ምንም» እንላለን።