የጢም ብሩሽ አደራረቅና አቀማመጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመላጫ ሳሙና አረፋ ፊት ላይ የሚቀባበትን የጢም ብሩሽ ገዝቶ በዓመቱ የጣለ ሰው ጥፋቱን ሻጩ ላይ ያላክካል፤ "ኦሪጅናል አይደለም ነበር" ይላል። አልፎ አልፎ እውነቱን ነው። አብዛኛው ብሩሽ ግን የሚበላሸው ከተላጩ በኋላ፣ መደርደሪያ ላይ በሚውልበት ሰዓት ነው። ሳሙናው ሥሩ ውስጥ ቀርቶ፣ ውሃው ሳይራገፍ፣ አየር በማያገኝ ጥግ ይውላል፣ ያድራል። ስለ አቀማመጡ ከሚነገሩት ምክሮች ደግሞ ገሚሶቹ ማንም ሳይመረምራቸው የተወረሱ ናቸው። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

"ብሩሽ ተዘቅዝቆ ካልተሰቀለ ውሃው ሥሩ ገብቶ ሙጫውን ያለቅቀዋል"

ከሁሉም በላይ የሚነገረው ይህ ነው፤ መስቀያ የሚሸጡ ሰዎችም አይጠሉትም። ሲሰሙት ያሳምናል፦ ውሃ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ እንግዲያው ፀጉሩ ወደ ታች ይሁን።

ፀጉሮቹ ተጠቅጥቀው በታሰሩበት ቦታ ግን በመካከላቸው ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ጠባብ ክፍተት ውሃን ይዞ የማስቀረት ጉልበት አለው። የሶፍት ጫፍ ውሃ ሲነካ እርጥበቱ ሽቅብ የሚወጣው በዚሁ ጉልበት ነው። ብሩሹን ሲዘቀዝቁት ጫፉ ላይ የተንጠለጠሉት ጥቂት ጠብታዎች ይወድቃሉ፤ የቀረው ውሃ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ከዚያ በኋላ እሱን የሚያወጣው ትነት ብቻ ነው፣ ለትነት ደግሞ የሚንቀሳቀስ አየር ያስፈልጋል። ብሩሹ ቢቆምም ቢዘቀዘቅም አየር ዘግይቶ የሚደርሰው ሥሩ ጋ ስለሆነ መጨረሻ የሚደርቀው እሱ ነው።

የወጥ ቤት ሚዛን ያለው ሰው ይህን ራሱ ሊያየው ይችላል። ደረቁን ብሩሽ ይመዝኑ፤ ከተላጩና ካጠቡት በኋላ ሳያራግፉ ይመዝኑት፤ ቀጥሎ አራግፈው እንደገና ይመዝኑ። በሁለቱ እርጥብ ክብደቶች መካከል የሚያዩት ልዩነት የትኛውም መስቀያ ሊያመጣው ከሚችለው ይበልጣል።

ስለዚህ ትልቁ ሥራ ማራገፍ ነው። እጀታውን አጥብቀው ይዘው ወደ ገንዳው ሦስት አራት ጊዜ በኃይል ያወናጭፉት። ሳሙና የነካው እጅ ያዳልጣልና መጀመሪያ እጅዎን ያድርቁ፤ ከቧንቧው ጋር ተጋጭቶ የተሰነጠቀ እጀታ ብዙ ነው። ከዚያ የፀጉሩን ጫፍ በፎጣ ላይ ወዲያና ወዲህ ያድርጉት። ጨርቅ እንደሚጨመቅ መጠምዘዝ ግን አይሆንም፤ እርጥብ ፀጉር ሲጠመዘዝ የሚሰበረው ከሥሩ ነው። ይህን ካደረጉ በኋላ በቂጡ ቢያቆሙትም ችግር የለውም።

ሙጫውን በተመለከተ፣ የአሁኖቹ ብሩሾች አብዛኞቹ የሚጣበቁት ኢፖክሲ በተባለ ጠንካራ ሙጫ ስለሆነ የዕለት ተዕለት ውሃ አያሟሟቸውም። የሚጎዳቸው ሙቀትና እስከ እጀታው ድረስ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ መርሳት ነው።

ይህን ስል መስቀያ አይረባም ማለቴ አይደለም። ቦታ ይቆጥባል፣ ያምራልም። መግዛት ከፈለጉ የእጀታውን አንገት የሚይዘውን ይምረጡ፤ ፀጉሩን ጨብጦ የሚይዘው የውጪዎቹን ፀጉሮች ያጣምማል።

"ሳሙና ራሱ ማጽጃ ነው፤ ብዙ ማጠብ ምን ያደርጋል?"

ከመዘቅዘቅ ክርክር ይልቅ ብሩሽን የሚገድለው ይህ ነው፣ የሚያወራለት ግን የለም። ሳሙና በውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። ዝቃጩ ሥሩ ላይ እየተጋገረ ሲሄድ ፀጉሩ ይሻክራል፣ ይገተራል፤ አረፋ አልይዝ ይላል። እርጥበትንም አምቆ ይይዛል። የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያዎ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚያበጅ ከሆነ የሰፈርዎ ውሃ ካልሲየም ይበዛዋል፤ ብሩሽዎም ከዚሁ ዕጣ አያመልጥም።

ብዙዎቻችን ከጫፉ የሚወርደው ውሃ ሲጠራ ታጥቧል ብለን እንተዋለን። እስኪ ያን ጊዜ ፀጉሩን በአውራ ጣትዎ ከመሐል ፈልቀቅ አድርገው ሥሩ ጋ ጫን ይበሉት። ወፍራም ነጭ አረፋ ይወጣል። ለብ ባለ ውሃ ሥር እየጫኑ እየለቀቁ፣ አረፋው እስኪያልቅ ይቀጥሉ።

ቀድሞውኑ ለተጋገረው ፍቱኑ አቼቶ ነው። በአንድ ትልቅ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምረው ፀጉሩን ብቻ አምስት ደቂቃ ያህል ይንከሩት፤ ከዚያ በደንብ ያለቅልቁት። በየሳምንቱ አያስፈልግም። መገተሩን ሲያዩ ይበቃል።

"ፀሐይ ላይ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ቶሎ ይደርቅ"

የብሩሹ ፀጉር ባጀር ከሚባለው ጉድጓድ ቆፋሪ የዱር እንስሳ፣ ከአሳማ ወይም ከፈረስ የተወሰደ ከሆነ እንደ ራሳችን ፀጉር ኬራቲን በተባለ ፕሮቲን የተሠራ ነው። በኃይለኛ ሙቀት ሲደርቅ ጫፉ ይከረከራል፣ ይሰበራል። የእንጨትና የቀንድ እጀታ ደግሞ ይሰነጠቃል። የሚገርመው፣ ማድረቂያው የውጪውን ፀጉር እያቃጠለ እንኳ መሐሉ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። ጥላ፣ ነፋስና ጊዜ ይበቁታል።

"ሣጥን ውስጥ ከተከደነ አቧራ አይነካውም"

አቧራውስ አይነካውም፤ ሻጋታው ነው የሚነካው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያለ የተዘጋ ቁም ሣጥን፣ በተለይ የሻወር እንፋሎት በሚሞላበት ቤት፣ ለብሩሽ ከሁሉም የከፋ ቦታ ነው። በአዲስ አበባ ክረምት ፎጣ እንኳ በአንድ ቀን አልደርቅ ይላል። መስኮት በሌለው የምድር ቤት መታጠቢያ ክፍል የሚጠቀም በውጭ አገር ያለ ወገናችንም፣ ሙቀቱና ወበቁ በሚበረታበት የባሕረ ሰላጤ ከተማ የሚኖረውም ያው ነው። ብሩሹን አጥቦና አራግፎ መኝታ ቤት መስኮት አጠገብ ማቆም ማንንም አያስቸግርም፤ ባለቤትዎ ካልተቃወሙ በቀር።

መድረቁን ለማወቅ ፀጉሩን ከሥሩ ፈልቅቀው ከንፈርዎን ያስነኩት። ጫፉ ለእጅ ደረቅ መስሎ ሥሩ ከንፈር ላይ ከቀዘቀዘ ገና ነው። በየቀኑ የሚላጭና ብሩሹ በማግስቱ ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ሁለት ብሩሽ አፈራርቆ ቢጠቀም ይሻለዋል።

ለመንገድ የሚሸጡት ቱቦ መሰል መያዣዎች ቀዳዳ ያላቸው ለዚሁ ነው። ቀዳዳ ቢኖራቸውም ለመንገድ እንጂ ለመኖሪያ አልተሠሩም፤ ሲደርሱ ያውጡት። ሥሩ ላይ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ የታየበት፣ ወይም ታጥቦም የሻጋታ ጠረኑ ያልለቀቀው ብሩሽ ይጣል። ፊት ላይ የሚታሸት ነገር ነው፤ ስስት አያስፈልግም።

"ሰው ሠራሽ ፀጉር ውሃ ስለማይጠጣ ማድረቅ አያስፈልገውም"

ግማሽ እውነት ነው። የእንስሳ ፀጉር የክብደቱን ሲሶ ገደማ ውሃ ወደ ውስጡ ይስባል፤ ሰው ሠራሹ አይስብም፣ ቶሎም ይደርቃል። ነገር ግን በፀጉሮቹ መካከል ውሃና ሳሙና ይይዛል፤ ስለዚህ ማጠቡና ማራገፉ ለሁለቱም አንድ ነው። የአሳማ ፀጉር ፊቱን እንዲነካው ለማይፈልግ ክርስቲያንም ሙስሊምም ግን ሰው ሠራሹ ግልግል ነው። በርካሽ ብሩሾች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የአሳማ ፀጉር ስለሆነ፣ ምንነቱ ካልተጻፈበት መጠየቅ አይከፋም።

"ፀጉር ከነቀለ አበቃለት"

አዲስ ብሩሽ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ፀጉር ይጥላል። ይተዋል። ከወራት በኋላ ከመሐሉ በጭብጥ እየወጣ ከሆነ ግን ሥሩ ለቋል ማለት ነው።

"የፈላ ውሃ ከተደረገበት ንጹሕ ነው"

የፈላ ውሃ ፀጉሩንም ሙጫውንም ይጎዳል። ያጸዳል የተባለውንም ሁሉ አያጸዳም፤ ለዚህ ብሩሽ የራሱ ታሪክ አለው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የባጀር ፀጉር በብዛት ይመጣ የነበረው ከሩሲያ ነበር። ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው አምራቾች የፈረስ ፀጉርን ባጀር አስመስለው ማቅረብ ጀመሩ፤ ከዚህ ውስጥ በአግባቡ ያልታከመ ነበረበት። ውጤቱም በአሜሪካና በእንግሊዝ ወታደሮችና ሲቪሎች ፊትና አንገት ላይ የወጣ አባ ሰንጋ ሆነ። ከብት የሚያረባ የአገራችን ገበሬ የሚፈራው ያው አባ ሰንጋ ማለት ነው። እንግሊዝ በ1920 እ.ኤ.አ. የጃፓን የጢም ብሩሽ ወደ አገሯ እንዳይገባ እስከ መከልከል ደርሳለች።

የአባ ሰንጋ ዘር ለአሥርተ ዓመታት ሳይሞት መቆየት ይችላል፤ ለጥቂት ደቂቃ ሙቅ ውሃ ቢፈስበት ምንም አይመስለውም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከከፍታው የተነሣ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ዛሬ የሚሸጥ፣ ከታወቀ አምራች የመጣ ብሩሽ ፀጉሩ ታክሞ ስለሚሠራ ለዚህ መሥጋት አያስፈልግም። ከጥንታዊ ዕቃ ሻጭ የተገዛ ወይም ከአያት የተወረሰ፣ የዚያን ዘመን ብሩሽ ያለው ሰው ግን ለጌጥ ያስቀምጠው፤ አይላጭበት።

"ፀጉር ቤቱ አልኮል ይረጭበታል፤ ማሽን ውስጥም ይከተዋል"

አልኮል በሳሙናና በጢም ብጣሽ በተሞላ ፀጉር ላይ ሲረጭ የሚደርሰው ላይ ላዩን ነው። ማሽን የሚሉት፣ ሰማያዊ መብራት ያለው የጀርም መግደያ ሣጥንም የሚሠራው ብርሃኑ ባረፈበት ቦታ ብቻ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ውስጥ ብርሃን አይገባም። ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው በሚዞር እርጥብ ብሩሽ የጢም ጭርትም ሌላ የቆዳ ቁስልም ሊተላለፍ ይችላል። ለመቀስና ለማሽን ጥርስ የሚበጀው ማጽጃ ለብሩሽ አይበጀውም።

"ወንድሜ፣ ክሬሙን በእጅህ አድርግልኝ" ማለት ይበቃል፤ ቅር የሚለው ፀጉር አስተካካይ አላየሁም። የራሱን ብሩሽ ይዞ የሚሄድ ሰው ደግሞ እርጥቡን በፌስታል ጠቅልሎ ይመለሳል፤ ቤት እንደገባ ጫማውን ሳያወልቅ ከፌስታሉ ያውጣው፣ ያራግፈው፣ መስኮቱ ጋ ያቁመው።