በስመ ሥላሴ ብሎ ማሽን ማስነሳት፦ የወሎ አምራቾችና ክርስትናቸው

ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ውስጥ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወደ አንድ ብረታ ብረት ቤት ጎራ ብትሉ ባለቤቱ ማብሪያውን ከመጫኑ በፊት ሲያማትብ ታገኙታላችሁ። ግድግዳው ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል አለ፣ የብየዳ ጭስ አጥቁሮታል። አዲስ ማሽን ሲገባም ቄስ ተጠርቶ ጸበል ይረጫል። ይሄ ቀላሉ ክፍል ነው። እምነቱ የሚከብደው ቀን መቁጠሪያው፣ ሚዛኑና ደመወዙ ላይ ነው።

ወሎ ላይ እምነትና እጅ ሥራ የቆየ ትውውቅ አላቸው። የላሊበላን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት ፈለፈሏቸው ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ሁለት ፈረቃ መሆኑ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ የትምህርት ማዕከል ሆኖ መጻሕፍት ይጻፉበት ነበር። ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ መጠረዝ ሁሉ የእጅ ሙያ ነው። መቅደላ ላይ ያለው ሴባስቶፖልም ከዚሁ ታሪክ ይቆጠራል። ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ይህን መድፍ ለአፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያቀለጡት ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ አውሮፓውያን ባለ እጆች ናቸው። መስበኩን ትተው መድፍ ሠሩ፣ ንጉሡም በ1860 ያንን ሁሉ ተራራ አስጎትቶ ወሎ አደረሰው።

ግን ዝም ብለን አንመጻደቅ። መስቀሉን፣ ጽናጽሉን፣ ጥናውን የሚሠራውን ቀጥቃጭ «ቡዳ» ብሎ የሸሸው ይኸው ክርስቲያን ማኅበረሰብ ነው። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰው ነበር። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል፤ ልጁ ቢሮ ቢገባለት የሚመርጥ ወላጅ ግን አሁንም ሞልቷል።

ወደ ቀን መቁጠሪያው እንምጣ፣ ምክንያቱም አምራቹን በየቀኑ የሚነካው እሱ ነው። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ አለ፣ የነቢያት ጾም አለ፣ ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ አለ። በጾም ሠራተኛው እስከ ከሰዓት ሳይበላ ይቆያል፣ ስለዚህ ከባድ ጭነትና ምድጃ አካባቢ ያለ ሥራ ጠዋት ማለቅ አለበት፤ ይህን ያልገባው ፎርማን 8 ሰዓት ላይ ደክሞት የተቀመጠ ሰው ላይ ሲጮህ ይውላል። ገበያውም አብሮ ይገለበጣል። ዘይት፣ ሽሮ፣ ፓስታና የጾም ብስኩት ይፈለጋል፤ ወተትና ቅቤ ይቀዘቅዛል። ቆዳ ፋብሪካ በጾም ጥሬ ቆዳ ያንሰውና በፋሲካ ሰሞን ይጎርፍለታል። ወሎ ላይ ግን ሙስሊሙ ስለሚያርድ ጨርሶ አይደርቅም፣ አረፋ ሲመጣ ደግሞ እንደገና ይሞላል።

ከጾሙ ሌላ ወርኃዊ በዓላት አሉ፤ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም። እነዚህ በሕግ የሥራ ቀን ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት በሕዝብ በዓል ያሠራ አሠሪ ለሰዓቱ እጥፍ ይከፍላል፣ ለወርኃዊው ግን የሚለው ነገር የለም። እንግዲህ ባለቤቱና ሠራተኛው ይደራደራሉ። ጠዋት አስቀድሶ 3 ሰዓት የሚገባ አለ፣ ማታ ማካካስ የሚፈልግም አለ። እኔ እንዳየሁት ነገሩ ቀድሞ ከተነጋገሩበት ችግር የለውም፤ ዕቃ ማስረከቢያው ቀን ሲደርስ በድንገት «ዛሬ ማርያም ናት» ሲባል ነው ጭቅጭቁ።

ወሎ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ማሽን ላይ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎን ለጎን ይሠራሉ። በፋሲካ ሙስሊሞቹ ፈረቃውን ይይዛሉ፣ በኢድ ክርስቲያኖቹ ይመልሳሉ። ሕንፃ ሲመረቅ ቄሱም ሼሁም ይመርቃሉ፣ አንዳንዴ ወዳጃ (የሙስሊሞቹ የጋራ ዱዓ) ላይ የሚቀመጥ ክርስቲያን ባለቤት አይጠፋም። በእምነቱ የጸና ሰው ሌላውን አያስቀይምም የሚለውን እዚህ አገር ለማስረዳት ማንም አይደክምም።

ሚዛኑ ግን ፈተና ነው። ብሎኬት ላይ ሲሚንቶ ቢቀነስ ከውጭ አይታይም። የዱቄት ኩንታል ሁለት ኪሎ ቢጎድል ገዢው አይመዝንም። «አባይ ሚዛን»፣ ማለትም ሐሰተኛ ሚዛን፣ የሚለውን ቃል ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶት ያደገ ሰው ጎረቤቱ ሲቀንስና ዋጋ ሲሰብር እያየ ሙሉ መስጠት ያለበት እዚህ ጋ ነው። የነፍስ አባቱን የሚጠይቅ አለ፣ ላለመጠየቅ የሚሸሽም አለ። አንድ ቦታ የሠራሁበት ባለቤት ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቆርቆሮ በሙሉ ሰጥቶ የእኛን ደመወዝ ሁለት ወር አቆየብን። ቆርቆሮው እስካሁን ያበራል።

አሥራትም የራሱ ክርክር አለው። ከሽያጩ ነው ወይስ ከትርፉ? ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም ይጠይቀዋል። ከሽያጩ ካወጣህ ጥሬ ዕቃ መግዣ ታጣለህ፣ ስለዚህ አብዛኛው ከትርፉ ያሰላል። ትርፍ ለማወቅ ደግሞ ሒሳብ መያዝ ያስፈልጋል። ብዙ ትንንሽ ወርክሾፕ ደብተር የጀመረው ለገቢዎች ብሎ እንዳይመስላችሁ።

እምነት መለዋወጫ አያመጣም፣ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተር አያስነሳም። በ2014 ጥቅምት ማብቂያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ኅዳር ማብቂያ ላይ ሲወጣ የተዘረፈ ፋብሪካ ትቶ ሄደ። በዚያው ዓመት አሜሪካ አገሪቱን ከአጎዋ፣ ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስታስወጣ በ2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ገበያው ተነካበት። ያኔ «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው ቃል ሁለት ዓይነት ሰው አፍ ላይ ነበር። አንዱ ተናግሮ ተቀመጠ፣ ሌላው ተናግሮ ሞተር የሚጠቀልል ሰው ፍለጋ ወጣ።

መስከረም 21 ሲደርስ ብዙዎች ዘግተው አምባሰል፣ ግሸን ማርያም ይወጣሉ። ግማደ መስቀሉ ያረፈበት አምባ ነው ተብሎ ስለሚታመን ስለት ያለበት ሁሉ ይተማል። ጃንጥላ፣ ጧፍ፣ ዕጣን የሚሳል አለ። ብረት ሠሪው ብዙ ጊዜ የሚሳለው ሙያውን ነው፤ ለአጥቢያው በር ወይም መስኮት። ለደንበኛ አንድ ጊዜ ቀብቶ የሚያስረክብ ሰው የማርያምን በር ሦስት ጊዜ ሲቀባ አየሁና ለምን አልኩት።

«እሷ ታያለቻ!» አለኝ።