ቪያሪያል በ2020/21፦ ላሊጋ፣ ኮፓ ዴል ሬይ እና የግዳንስክ ዋንጫ

ቪያሪያል ከቫሌንሲያ ወደ ሰሜን፣ ካስቴዮን አጠገብ ያለች ወደ 50 ሺህ ሰው የሚኖርባት የሴራሚክ ፋብሪካ ከተማ ናት፣ የእግር ኳስ ክለቧ ስታዲየምም ስሙ ሴራሚካ ነው። በአማርኛ ስለ ስፔን ኳስ ሲጻፍ ሁሌ ሪያልና ባርሳ ስለሆነ ይሄ ክለቡ ዩሮፓ ሊግን፣ ከሻምፒዮንስ ሊግ ቀጥሎ ያለውን የአውሮፓ ዋንጫ፣ ያነሳበት ሲዝን ተገቢውን ቦታ አላገኘም። እኔ የአውሮፓውን ጉዞ ነው አንድ በአንድ የተከታተልኩት፣ ስለዚህ ከዚያ በኩል በርከት ያለ ነገር አለ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ክለቡ በ1923 ተመስርቶ 98 ዓመት ሙሉ አንድም ትልቅ ዋንጫ አልነበረውም። በ2004፣ 2006፣ 2011 እና 2016 አውሮፓ ላይ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ አራቴም እዚያው ቀርቷል፣ በተለይ የ2006ቱ፣ ሪኬልሜ በመጨረሻ ደቂቃ የመታውን ፔናልቲ የአርሰናሉ ሌማን ያዳነበት፣ የክለቡን ደጋፊ እስካሁን ያንገበግበዋል።

በጁላይ 2020 አሰልጣኙ ኡናይ ኤምሪ መጣ፣ አርሰናል ካባረረው ዓመት እንኳን አልሞላውም። ከቫሌንሲያ ፓሬኾና ኮክላን መጡ፣ ፎይት ከቶተንሃም በውሰት መጣ፣ ዲሴምበር ላይ ኢቦራ ጉልበቱን ሲጎዳ ደግሞ በጃንዋሪ ካፑኤ ከዋትፎርድ ተጨመረ፣ ይሄ ዝውውር በኔ እይታ የሲዝኑ ምርጥ ውሳኔ ነው።

ላሊጋው 15 ድል፣ 13 አቻ፣ 10 ሽንፈት፣ 58 ነጥብ፣ 7ኛ። ጄራርድ ሞሬኖ ብቻውን 23 ጎል አገባ። ኤምሪ ሊጉን ለዩሮፓ ሲል ትቶታል የሚሉ አሉ፣ ሊሆን ይችላል፣ ግን 13 አቻ ትቶት የሄደ ቡድን ውጤት አይመስልም፣ እንቢ አልሸነፍም የሚል ግን መዝጋት ያቃተው ቡድን ነው። ኮፓ ዴል ሬይ (የስፔን ንጉሥ ዋንጫ) ላይ ሩብ ፍጻሜ በሌቫንቴ በጭማሪ ሰዓት 1ለ0 ተሸነፈ።

ዩሮፓ ሊግ ላይ ግን አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። ማካቢ ቴል አቪቭ፣ ሲቫስፖርና ካራባግ ካሉበት ምድብ በ16 ነጥብ አንደኛ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ሳልዝበርግን፣ ዲናሞ ኪየቭን እና ዲናሞ ዛግሬብን ደርሶ መልስ እያሸነፈ ግማሽ ፍጻሜ ገባ፣ እዚያ የጠበቀው ማን ነው? አርሰናል! ሴራሚካ ላይ ትሪጌሮስ ገና በ5ኛው ደቂቃ አገባ፣ አልቢዮል ጨመረ፣ ሴባዮስ በቀይ ወጣ፣ ፔፔ በፔናልቲ አንድ መለሰ፣ ካፑኤም በቀይ ወጣና 2ለ1 አለቀ። ለንደን ላይ ባዶ ስታዲየም ውስጥ ኦባሚያንግ ሁለት ጊዜ ብረት መታ፣ ግን 0ለ0። ኤምሪ ያባረረውን ክለብ በገዛ ሜዳው አስቀረው።

ፍጻሜው ሜይ 26 ቀን 2021 ግዳንስክ ላይ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ነበር። በ29ኛው ደቂቃ ፓሬኾ ቅጣት ምት አሻማ፣ ጄራርድ ከሊንደሎፍ ጋር እየታገለ እግሩን ሰዶ አገባት፣ ይቺ ጎል ለክለቡ ያገባት 82ኛዋ ስለነበረች የክለቡ ሪከርድ ባለቤት ከነበረው ጁሴፔ ሮሲ ጋር በጎል ብዛት እኩል አደረገችው። ካቫኒ ከእረፍት መልስ አቻ አደረገ። ፎይት ከፖግባ ጋር ተጋጭቶ አፍንጫው ደም በደም ሆኖ ቀጠለ፣ የ18 ዓመቱ ዬረሚ ፒኖ እንደ ትልቅ ሰው ሮጠ፣ የጨዋታው ኮከብ የተባለው ግን ካፑኤ ነው፣ ይገባዋልም።

1ለ1 አልቆ ወደ መለያ ፔናልቲ ሄደ። ፔናልቲው ላይ መጀመሪያ 10ሩ የቪያሪያል፣ 10ሩ የዩናይትድ በሙሉ ገቡ፣ ፓው ቶሬስ፣ እዚያው ቪያሪያል ተወልዶ ያደገው ልጅ፣ 10ኛውን መታ። ቀጥሎ በረኞቹ ራሳቸው መምታት ነበረባቸው። ጄሮኒሞ ሩሊ፣ ላሊጋ ላይ አሴንሆ ሲሰለፍ ተጠባባቂ የነበረው በረኛ፣ ኳሷን አስቀምጦ ከላይ አስገባት፣ ከዚያ መስመሩ ላይ ቆሞ የደ ሂያን አዳነ። 11ለ10።

በሊጉ 7ኛነት ቢሆን ኮንፈረንስ ሊግ፣ ሦስተኛው ደረጃ የአውሮፓ ውድድር፣ ነበር የሚወርደው፣ በዋንጫው ግን በቀጥታ ሻምፒዮንስ ሊግ ገባ፣ ለኤምሪ ደግሞ በሴቪያ ካነሳቸው ሦስቱ ጋር አራተኛ ዩሮፓ ሊግ ሆነለት።