«ተመስገን በል!» ብቻ አይበቃም፦ ልጆችን ምስጋና ስለማስተማር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቃሉን ካስለመድኩት ይበቃል»

ማስለመዱ ጥሩ ነው። እኔም ማታ ማታ ልጄን «ስለ ሁሉም ነገር አመሰግንሃለሁ በል» እለው ነበር። ቶሎ ብሎ ይልና ይተኛል። አንድ ቀን ጥያቄውን ቀየርኩት። «ዛሬ እግዚአብሔር ምን ሰጠህ?» አልኩት። ዝም አለ። ጉልበቱን ዳሰስ ዳሰስ አደረገ። «የቁስሌ ቅርፊት ወደቀ! ከሥሩ አዲስ ቆዳ አለ» አለኝ። መብራት አብርተን አየነው። ስስ፣ የሚያብረቀርቅ ቆዳ ነው። ያን ማታ ያመሰገነው ከልቡ ነበር። «ሁሉም ነገር» ለልጅ አይጨበጥም። አንዷን ነገር በስሟ ሲጠራት ግን ያያታል።

«የሌላቸውን ልጆች ካሳየሁት ያለውን ያከብራል»

ብዙዎቻችን ያደግንበት ነው። «የሚበላው ያጣ አለ እኮ፣ አንተ ታማርጣለህ!» ለእኔ ከሁሉም የሚጎዳው ይሄ ነው። ልጁ ወይ ያፍራል፣ ወይ ከሌላው እንደሚሻል ያስባል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ያለውን ፈሪሳዊ አስታውሱ። «እንደ ሌላ ሰው ሁሉ ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ» ብሎ ነበር የጸለየው። ምስጋና ነው፤ ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን በዚያው የጸለየው ቀራጭ (ቀረጥ ሰብሳቢ) ነው። የሌላው ችግር የእኛ ምስጋና መለኪያ አይሁን። ይልቅ ከልጁ ጋር ልብሱን ምረጡ፤ አብራችሁ እጠቡ፣ አጣጥፉ፣ ስጡ። የተቀደደውን ሳይሆን ገና የሚለበሰውን።

«አመስጋኝ ልጅ አያለቅስም»

ያለቅሳል እንጂ! መዝሙር 13 (በግእዙ ቁጥር 12) «እስከ መቼ» በሚል እሮሮ ጀምሮ በዝማሬ ነው የሚያልቀው። መጫወቻው የተሰበረበትን ልጅ «ተመስገን በል» አትበሉት። መጀመሪያ ኀዘኑን ለእግዚአብሔር ይንገር። ምስጋናው ሲመጣ ይመጣል።

«ጊዜና ዝግጅት ይፈልጋል»

ዘዳግም 6፥7 ለልጆች ማስተማሪያ የሚላቸው ጊዜያት በቤት ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛና ስትነሣ ናቸው። በየትኛውም ቤተሰብ ያሉ ጊዜያት ናቸው። መዝሙር 136ን (በግእዙ 135) ሞክሩት። 26 ቁጥሮች አሉት፤ እያንዳንዱ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» እያለ ያበቃል። እናንተ መጀመሪያውን በሉ፣ ልጆቹ ይቀበሉ። ማንበብ ያልጀመረ ሕፃንም ይችለዋል። ከዚያ የቤታችሁን ጨምሩበት፦ «አያታችንን ከሕመም ያዳነ»... «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና!»

«ልጆች ውለታ ይረሳሉ»

አዋቂም ይረሳል። ኢየሱስ ከፈወሳቸው 10 ለምጻሞች አመስግኖ የተመለሰው አንዱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ማስታወሻ ያስፈልጋል። በኢያሱ ምዕራፍ 4 ሕዝቡ ዮርዳኖስን ሲሻገር ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች ተነሥተው ነበር፤ ልጆች «እነዚህ ምንድን ናቸው?» ብለው ሲጠይቁ እንዲነገራቸው። እኛም ከደጃፍ ጠጠር እየለቀምን በአንድ ብርጭቆ ማጠራቀም ጀመርን። የለመንነው ሲመለስ፣ ወይም ሳንለምን መልካም ነገር ሲመጣ፣ ልጆቹ አንድ ጠጠር ላይ ምልክት ይሥሉበታል። የፈተና፣ የመንገድ፣ የአዲስ ሕፃን። ትንሿ ልጄ እሑድ እሑድ ብርጭቆውን ምንጣፍ ላይ ትገለብጠዋለች። አንዷን ታነሣና «ይቺ የምን ነበረች?» ትለኛለች።