የውስጥ አርበኛ ምንድን ነው?

በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠላት በያዘው ከተማ ተቀምጦ፣ ዱር ለገባው አርበኛ ወሬ፣ ጥይት፣ መድኃኒትና ስንቅ የሚያቀብል ሰው ነው። ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ። እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። «የውስጥ አርበኛ በሁለት ቢላ የሚበላ ነበር፤ ሽምቅ ውጊያንም ያስተማሩን እንግሊዞች ናቸው» የሚል አስተያየት ሰሞኑን እንደገና አየሁ።

ወንድሜ፣ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌን ምን ልትላቸው ነው? ለአርበኞች መሣሪያና መረጃ ሲያቀብሉ ተይዘው፣ ባሕር ማዶ ኢጣሊያ አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ተግዘዋል። ተመልሰውም አርፈው አልተቀመጡም፤ አዲስ ዓለም ላይ በተደረገው ጥቃት ተሳትፈዋል። በሁለት ቢላ መብላት ይሄ ነው?

የምኖረው ሱሉልታ ነው። እንጦጦን ከወጣህ ከተማው ከእግርህ ሥር ነው። ሐምሌ 1928 አርበኞች አዲስ አበባን ሲያጠቁ ችግራቸው ርቀት አልነበረም። ከየአቅጣጫው የመጣው ጦር እኩል አልደረሰም። አንዱ ገብቶ ሲዋጋ ሌላው ገና መንገድ ላይ ነው። ጀግና ሞልቶ መገናኛ ጠፋ። ከተማ ውስጥ የራስ ሰው ማስቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ሽምቅ ውጊያ ሦስት ጉልቻ ይፈልጋል፦ ዱር ያለው ተዋጊ፣ የውስጥ አርበኛና ከውጭ የሚመጣ እርዳታ። የእኛ ድስት አራት ዓመት በሁለቱ ብቻ ቆመ። ዘመመ እንጂ አልተደፋም። ሦስተኛው ጉልቻ የመጣው ነሐሴ 1932 የእንግሊዙ መኮንን ሳንድፎርድ ከሱዳን ድንበር ሲሻገር ነው፤ ቀጥሎ ሌላው የእንግሊዝ መኮንን ዊንጌት «ጌዴዎን ጦር» የተባለውን ጦር ይዞ ገባ። ድስቱ ያኔ ተደላደለ፤ እሳቱ ግን ቀድሞ ይነድ ነበር። የጌዴዎን ጦር እኮ ከ2,000 ሰው በታች ነው! አርበኛው ባይኖር ጎጃም ላይ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር?

የልዩ ኃይል አመጣጥም ከዚህ አይርቅም። (የክልሉን ማለቴ አይደለም።) እ.ኤ.አ. በ1944 ጄድበርግ የተባሉ የሦስት የሦስት ሰው ቡድኖች ጀርመን በያዛት ፈረንሳይ በፓራሹት የወረዱት ከአገሬው አርበኛ ጋር ሊሠሩ ነው። ከእነሱ አንዱ፣ አሜሪካዊው አሮን ባንክ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የአሜሪካን 10ኛ ልዩ ኃይል አቋቋመ። ትምህርታቸው እስከ ዛሬ ተዋጊውን፣ ደጋፊውንና ህቡዑን (ከተማ ውስጥ በምስጢር የሚሠራውን) ለይቶ ያያል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ከድል በኋላ አርበኝነት ማዕረግና መሬት ያስገኝ ስለነበር፣ «የውስጥ አርበኛ ነበርኩ» ያለ ሁሉ አልነበረም። እኔ የምስክርን ቃል ከሌላ ምስክርና ከኢጣሊያ የእስር መዝገብ ጋር ሳላመሳክር አልጽፍም።